ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ምልክት የስንት ጊዜ ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አንዲት አንባቢ ከባለቤታቸው ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ቤት ሊገዙ ነው። ቤቱ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዋጋው ተስማምተዋል። ነገር ግን በትንሹ መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ጥግ፣ ትሪ የሚያህል ቡናማ ምልክት አይተዋል። ከሥሩ ባለው ግድግዳ ቀለሙ ተነፍቷል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል፤ ጥጉም ላይ ትንሽ ሻጋታ አለ። ሻጩ «ካቻምና የላይኛው ጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ነው፤ በማግስቱ ተሠርቷል» አሏቸው። ደላላው «ጠቁሯል፣ ስለዚህ አሮጌ ነው። ደርቋል፤ አንድ እጅ ቀለም ይበቃዋል» ይላል። ወንድማቸው ደግሞ «ሻጋታ ካለ ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ ቤቱ በስብሷል» ብሏቸዋል። ክፍሉን ያሰቡት አስም ላለበት ልጃቸው ነው። «የምልክቱን ዕድሜ ለይቶ የሚናገር መሣሪያ ወይም ባለሙያ አለ ወይ? ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ማወቅ እንፈልጋለን» ይላሉ።

የለም። ግድግዳ አይቶ «ይህ የአንድ ዓመት ከአራት ወር ነው» የሚል መሣሪያ የለም። እንዲህ ብሎ የሚነግርዎት ሰው ካጋጠመዎት እየገመተ ነው። ግን ሦስት ነገር በደንብ ማወቅ ይቻላል። ውሃው የመጣው አንዴ ነው ወይስ እየተመላለሰ? ግድግዳው አሁን ውስጡ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ጉዳቱ የደረሰው ቀኑን ከምናውቀው አንድ ነገር፣ ለምሳሌ ከመጨረሻው ቀለም፣ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለእርስዎ ውሳኔ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ካቻምና ፈንድቶ በማግስቱ በደንብ የተሠራ ቧንቧ ዛሬ አያስፈራም። ባለፈው ሳምንት ጀምሮ አሁንም የሚያንጠባጥብ ግን አዲስ ቢሆንም ያስፈራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውሃው ቆሟል ወይ?» የሚለው ነው። ዕድሜው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደተነገራችሁ ነገር ልምጣ። ደላላውና ወንድምዎ ተሳስተዋል፤ የሻጩም ታሪክ ያልገጠመልኝ ነጥብ አለው።

የደላላው «ጠቁሯልና አሮጌ ነው» የሚለው ትክክል አይደለም። የምልክቱ ቀለም የሚወሰነው ውሃው ምን እያጠበ እንደመጣ ነው። ከዛገ ብረት ላይ የመጣ ውሃ ወደ ብርቱካናማ የሚሄድ ቡናማ ይተዋል። ከእንጨትና ከቺፕውድ ላይ የመጣው የሻይ ቀለም ይይዛል። አቧራ ያጠበው ግራጫ ይሆናል። ንጹሕ ውሃ ከአዲስ የፕላስቲክ ቱቦ ወጥቶ ልስን ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ለወራት ፈሶም ይህ ነው የሚባል ቀለም ላይተው ይችላል። በአንድ ሌሊት ዝናብ ብቻ እንደ ቡና የጠቆረ የቺፕውድ ኮርኒስ አይቻለሁ። ሁለት ዓመት ሲያንጠባጥብ ኖሮ ፈዛዛ ቢጫ ብቻ ያሳየ ጣሪያም አይቻለሁ።

«ደርቋል» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። በእጅ ተነክቶ ደረቅ የሆነው ላዩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ፀሐይም አለ። የልስኑ ላይ በጥቂት ቀናት ይደርቃል። ከልስኑ ጀርባ ያለው ብሎኬት ግን ክፍት ሆድ አለው። ውሃ ይይዛል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት ሊረጥብ ይችላል።

ወንድምዎም ስለ ሻጋታ የተናገሩት ልክ አይደለም። ሻጋታ በሚመቸው እርጥብ ነገር ላይ ማደግ ለመጀመር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ለዓይን የሚታየው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሻጋታ መኖሩ ብቻውን ዓመታት ማለፋቸውን አያሳይም። ከዚያም በላይ፣ ጥግ ላይ ያለ ሻጋታ ከማንም ቧንቧ ላይመጣ ይችላል። መስኮት ተዘግቶ በሚታደርበት፣ ልብስ ቤት ውስጥ በሚሰጣበት፣ የሻወር እንፋሎት ወደ መኝታ ቤት በሚገባበት ቤት፣ ቀዝቃዛው ጥግ በእስትንፋስና በእንፋሎት ብቻ ይረጥባል። «ቤቱ በስብሷል» ለማለትም ገና ነው። የእርስዎ ግድግዳ ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። የሚበሰብሰው እንጨት ነው፤ ለዚያም ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት።

ሻጩስ? እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን እርስዎ ከጻፉልኝ ነገሮች አንዱ ከታሪካቸው ጋር አልገጠመልኝም። እሱም ነጩ ዱቄት ነው።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። በሲሚንቶው፣ በአሸዋውና በብሎኬቱ ውስጥ ያለውን የሚሟሟ ጨው ውሃው ይዞት ወደ ላይ ይመጣል። ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይቀራል። ቀለሙን ከኋላው እየገፋ የሚያስነፋውም እሱ ነው። አንድ ቀን ብቻ የፈሰሰ ውሃም ትንሽ ጨው ሊያወጣ ይችላል። ቀለም አስለቅቆ በእጅ የሚታፈስ ዱቄት ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ግድግዳው እየረጠበና እየደረቀ ተመላልሷል ማለት ነው። ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። የሚጣራበትም ቀላል መንገድ አለ። ፎቶ ያንሱት። አፍዎንና አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው በደረቅ ቡሩሽ ያንሱት። ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይዩ። ዱቄቱ ከተመለሰ ውሃው አሁንም በግድግዳው ውስጥ እየሄደ ነው። ሻጋታ ያለበትን ክፍል ግን በደረቅ ቡሩሽ አይንኩ፤ ብናኙ ይነሣል። ሁለቱን ለመለየት ቆንጥረው ውሃ ውስጥ ይጨምሩ። ጨው ይሟሟል፤ ሻጋታ አይሟሟም። ሌላ ማስጠንቀቂያም አለ። አንዳንዱ ጨው እርጥበት ከአየር ይስባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምንም የሚያፈስ ነገር ሳይኖር ያው ቦታ ወዝ ሊያወጣ ይችላል። በክረምት ያዩትን ወዝ ብቻ ይዘው አይደምድሙ።

አሁን ወደ ጣሪያው ምልክት። ቡና ነጭ ጨርቅ ላይ ፈሶ ሲደርቅ አስተውለው ያውቃሉ? መሐሉ ይፈዝዛል፣ ዳሩ ግን ጠቆር ያለ መስመር ይሠራል። ውሃውም እንዲሁ ነው። የያዘውን እድፍ ወደ ዳር እየገፋ ሄዶ፣ በደረቀበት ቦታ ይጥለዋል። አንዴ ረጥቦ የደረቀ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ አንድ ጥርት ያለ ዳር አለው። ደጋግሞ የረጠበ ግን እንደተቆረጠ ግንድ፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ላይ እየተደረበ ይታያል። ዛሬ ሄደው ቀለበቶቹን ይቁጠሩ። የስልክዎን መብራት ከጎን አስጠግተው፣ ጣሪያውን እየታከከ እንዲያልፍ አድርገው ያብሩት። ፊት ለፊት ሲያዩት አንድ የመሰለው ምልክት ከጎን ሲበራ ሦስትና አራት ሊሆን ይችላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ ቀለበት ቁጥር እንጂ ዓመት አይደለም። አራት ቀለበት በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ፈሶ ሊሆን ይችላል፤ በአራት ክረምትም ሊሆን ይችላል። የሚያረጋግጥልዎት «አንዴ ብቻ ነው» የሚለው ታሪክ እንደማያስኬድ ነው።

ዕድሜውን በትክክል ለማቀራረብ እኔ የምተማመንበት የቀለም ንብርብር ነው። አንድ ጊዜ ልክ እንደእርስዎ ያለ ጥያቄ ይዘው ወደ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ወሰዱኝ። ኩሽናው ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ፣ ፈዛዛ ምልክት አለ። ባለቤቱ «ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ፈሶ ነው» አሉ። ፈቃድ ጠይቄ በቢላ ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀለም አነሣሁ። በማጉያ መነጽር ዳሯን አየሁት። ከላይ ክሬም ቀለም። ከሥሩ ቀጭን ስቱኮ፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባው ማለስለሻ። ከሥሩ ቡናማ እድፍ። ከእሱ ሥር አረንጓዴ ቀለም። ከአረንጓዴውም ሥር እንደገና ቡናማ እድፍ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፈሷል፤ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፤ ከዚያም በላይ ሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ክሬሙን ማደብዘዝ ጀምሯል። ተከራይዋን «አረንጓዴው መቼ ተቀባ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ ስገባ፣ አራት ዓመት ሆነው» አለች። በቃ። የታችኛው እድፍ ከአራት ዓመት በላይ ነው። የላይኛው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ምንም መሣሪያ አላስፈለገም።

የእርስዎም ሥራ ይህ ነው። ቀኑን የሚያውቁትን ነገር ፈልጉና ምልክቱን ከእሱ በፊትና በኋላ አስቀምጡት። ቤቱ መጨረሻ የተቀባው መቼ ነው? እድፉ ከቀለሙ በላይ ነው ወይስ ከሥሩ ሆኖ እየወጣ? ቁም ሳጥኑ መቼ ተሠራ? ከጀርባው ያለው ግድግዳ እድፍ አለው? የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ መቼ ተለወጠ? የላይኛው ጎረቤት ቱቦ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን ቁራጭ ይዩት፤ ብዙ የፕላስቲክ ቱቦዎች ላይ የተመረቱበት ቀን ታትሞ ይገኛል። የጥበቃ ሠራተኛውንና የሕንፃውን ኮሚቴ ጠይቁ። ሰው ቀን ይረሳል፤ ግን «ልጄን ክርስትና ያስነሣሁ ሰሞን ነው ውሃው የወረደው» ብሎ ያስታውሳል። ተከራይ የነበረ ሰው ስልኩ ውስጥ ያለው የልደት ፎቶ ጣሪያውን አሳይቶ የሚያውቅበት ጊዜም አለ። ፎቶው ቀን አለው።

ብረትም ይናገራል። የመጋረጃው ዘንግ ብሎን፣ የበሩ ማጠፊያ፣ የመብራቱ መያዣ ምስማር፣ ሁሉንም ይዩ። ላዩ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ብቻ ከሆነና በጨርቅ ከጠፋ ዝገቱ ቀላል ነው። ጠቁሮ እንደ ቅርፊት እየተነሣ ከሆነ ረጅም እርጥበት ነበረ። የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ፈትቶ ውስጡን ማየትም ይጠቅማል፤ ቀለም ቀቢ እዚያ ስለማይገባ የድሮው ግድግዳ እንዳለ ይገኛል። ይህን ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከቆጣሪው መብራቱን አጥፍቶ ይሥራው። ከጣሪያው መብራት በኩል ውሃ ወርዶ የሚያውቅ ከሆነማ ማንም በእጁ አይንካው።

አንድ ነገር በተለይ ይፈልጉ። ጣሪያው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስንጥቅ አለ? ከስንጥቁ የዝገት ቀለም ይወጣል? ወይስ እንደ ጥርስ የተንጠለጠለ ነጭ ነገር አለ? ነጩ ጥርስ ኖራ ነው። ውሃው በሶሌታው (በሁለቱ ፎቆች መሐል ባለው አርማታ) ውስጥ ሲያልፍ ከሲሚንቶው ኖራ እያሟሟ ያወጣል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። በአንድ ቀን ፍሳሽ አይበቅልም። ቀጥ ያለው ስንጥቅ ደግሞ ፌሮው፣ ማለትም አርማታው ውስጥ ያለው ብረት፣ መዛጉን ሊያሳይ ይችላል። ብረት ሲዝግ በመጠን ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ የሸፈነውን አርማታ ይሰነጥቀዋል። እዚህ ደረጃ ለመድረስ በአብዛኛው ዓመታት ይወስዳል። ይህን ካዩ የቀለምና የስቱኮ ወሬ ያቁሙ። የስትራክቸር መሐንዲስ ሳያይ ወደ ዋጋ አይመለሱ።

አሁን ብዙ ገዢ የሚሸወድበት ነገር ላይ ልቆይ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። ደላላው ቤቱን ያሳያችሁ ውሃ በሌለበት ቀን ከሆነ፣ የሚያፈስ ቧንቧም ደረቅ ነው። የግድግዳውም ላይ መድረቅ ይጀምራል። ሐሙስ ደረቅ ያዩት ቅዳሜ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሊረጥብ ይችላል። ያ ደግሞ ቀለበቶቹ ለምን እንደሚደራረቡ ይነግርዎታል፤ በየፈረቃው ይረጥባል፣ በየመሐሉ ይደርቃል። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ ውሃ ባለበት ቀን መሆን አለበት። የላይኛው ጎረቤት ሮቶ ካላቸው ደግሞ ፈረቃ ባይሆንም ቧንቧቸው ውስጥ ውሃ አለ፤ ይህንንም ይጠይቁ።

እርጥበቱ የሚመጣበት ሰዓትም ምንጩን ይጠቁማል። ከፈረቃው ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ የንጹሕ ውሃ መስመር ነው። ጎረቤት ገላውን ሲታጠብ ወይም ልብስ ሲያጥብ ብቻ ከሆነ የፍሳሽ ቱቦው ነው፤ ካልሆነም የመታጠቢያ ቤታቸው ወለል ነው። ሽታ ካለው ፍሳሹን ይበልጥ ይጠርጥሩ። ዝናብ ተከትሎ ከሆነ ጣራና አሸንዳ ነው። የእርስዎ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከላይዎ ሌላ ቤት አለ። ስለዚህ ጣራ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ በውጪ ግድግዳ ስንጥቅ የሚገባ ዝናብ ግን አይረሳ። ምልክቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ጥግ ላይ መሆኑን ሳይ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የላይኛውን መታጠቢያ ቤት ወለል ነው። እንዲህ ያለው ፍሳሽ ደግሞ «ቧንቧ ፈንድቶ» ከሚባለው የተለየ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ ሁሉም ያውቀዋል፤ ይጮሃል፤ ይሠራል። የወለል ፍሳሽ ግን ቀስ እያለ፣ በሴራሚኩ መጋጠሚያ እየገባ፣ ማንም ሳያውቀው ዓመት ይሄዳል። ሻጩ ሳይዋሹ ሊሳሳቱ የሚችሉትም በዚህ ነው። የፈነዳው ቧንቧ እውነት ተሠርቶ፣ ወለሉ ግን አሁንም ሊያፈስ ይችላል።

የሚደረገው ምርመራ ሁለት ነው። ሁለቱም ውድ አይደሉም።

የመጀመሪያው የፕላስቲክ ነው። ወፍራም ብርሃን የሚያሳይ ፕላስቲክ፣ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቀለሙ በተነፋበት ቦታ አጠገብ ባለው ደህና ግድግዳ ላይ በአራቱም ዳር በፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ። አየር እንዳይገባ። ሁለተኛ ቁራጭ ከዚያ ርቆ ባለ ጤነኛ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ለማነጻጸሪያ ነው። ውሃ ባለበት ቀን ቢያንስ ለ16 ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆይ። ከዚያ ይዩት። በፕላስቲኩ የውስጥ ገጽ፣ ማለትም ግድግዳውን በሚያየው በኩል፣ ጠብታ ካለ እርጥበቱ ከግድግዳው እየወጣ ነው። ጠብታው በውጪ በኩል ከሆነ ከክፍሉ አየር ነው፤ ችግሩ መስኮትና አየር ማስገባት ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ቢያመጡ ደግሞ ጥሩ ነው። ግን መሣሪያው የሚነግርዎት የዛሬውን እርጥበት ነው። ስለ ካቻምና አንድም ነገር አያውቅም። ጨው ያለበት ግድግዳ ላይም ከእውነቱ በላይ ያነባል። ይህንን ሳያነሣ ቁጥር ብቻ የሚጠራልዎትን ሰው ደግመው ይጠይቁት።

ሁለተኛው የወለል ምርመራ ነው። ይህ የላይኛውን ጎረቤት ፈቃድ ይጠይቃል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ ደፍነው፣ በሩ ሥር በጨርቅ ገድበው፣ ወለሉ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይያዝ። የውሃው ከፍታ ሴራሚኩ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግበት። የምግብ ቀለም ጠብ ቢደረግበት ይበልጥ ጥሩ ነው። 24 ሰዓት ይቆይ። ከታች ያለውን ጣሪያ ከምርመራው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሡ። ከታች ወዝ ከታየ ወይም የውሃው ከፍታ በግልጽ ከወረደ ወለሉ ያፈሳል። ሳያፈስ ካለፈ ወደ ንጹሕ ውሃው መስመር ይሂዱ፤ ጎረቤቱ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ሲተኙ የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ጠዋት ቁጥሩ ከተለወጠ የሚያፈስ ነገር አለ። ሮቶ ካላቸው የሮቶውን መግቢያ መዝጋት እንዳይረሳ፤ ሲሞላ የሚያድር ሮቶ ቆጣሪውን ያዞራል። ጣሪያው ያበጠ፣ የወረደ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ይህን የወለል ምርመራ አታድርጉ። መብራቱ በዚያው ጥግ ከሆነም መጀመሪያ መስመሩ ይቋረጥ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ሰዎች በዚህ ሲጎዱ አይቻለሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያደርጋል። ይህ ዋስትና ግን ገዢው አይቶ እያወቀ ለገዛው ጉድለት አይደርስም። እርስዎ ደግሞ ምልክቱን አይተዋል። ነገ «የተደበቀ ጉድለት ነው» ማለት ይከብድዎታል። ስለዚህ ሻጩ የነገሯችሁ ቃል በውል ይግባ፤ «ውሃው ቆሟል፤ ምንጩ ይህ ነበር፤ ተሠርቷል፤ ከዚያው ምንጭ ዳግም ቢያፈስ ወጪው የሻጭ ነው» ተብሎ ይጻፍ። በአፍ የተባለው አይበቃም። ቀብድም ቀላል ነገር አይደለም። በሕጉ ቀብድ ሰጥቶ የቀረ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የቀረው እጥፍ ይመልሳል። ከቀብድ በኋላ ውሃ ማግኘት ማለት ገንዘብዎ በሻጩ እጅ ሆኖ መደራደር ማለት ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995ንም ያስታውሱ። ብዙ ቤቶችን የሚያገለግሉ መስመሮች የጋራ ናቸው። ችግሩ በጋራው ቱቦ ላይ ከተገኘ ጥገናው የሻጭ ወይም የጎረቤት ብቻ አይሆንም፤ የሕንፃው ቤት ባለቤቶች ማኅበር ጉዳይ ይሆናል። ማኅበሩ ጥገናውን መቼ እንደሚያደርግ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

አሜሪካ ያሉ አንባቢዎችም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ እዚያ ዕድሜው ሌላ ትርጉም አለው። የቤት ኢንሹራንስ በአብዛኛው በድንገት የደረሰ የውሃ ጉዳትን ይከፍላል፤ ቀስ እያለ የቆየውን ግን አይከፍልም። ስለዚህ ጉዳቱን የሚያየው መሐንዲስ ቀለበቱን፣ ዝገቱንና የበሰበሰውን እንጨት እያየ የሚከራከረው በዚያ ላይ ነው። ውሃ ባያችሁበት ሰዓት ፎቶ አንሡ፤ ወዲያው አሳውቁ። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ከሆነ ደግሞ ቀለሙን አትፋቁ፤ እርሳስ ሊኖረው ይችላል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ምክሬ ግልጽ ነው። አሁን ቀብድ አይክፈሉ። ለሻጩ «ቤቱን እንፈልገዋለን፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሁለት ምርመራ እናድርግ፤ ወጪው የእኛ ነው» ይበሏቸው። እውነተኛ ሻጭ ይህን አይከለክልም፤ የሚጠይቀው ሁለት ሳምንት ነው። ፕላስቲኩ ደረቅ ከሆነ፣ ወለሉ ካላፈሰሰ፣ የተቦረሸው ጨው በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተመለሰ፣ የሻጩ ታሪክ ሊታመን ይችላል፤ በውሉ አስገብተው ይግዙ። ከሁለቱ በአንዱ ውሃ ከተገኘ፣ ምንጩ ተጠግኖ እንደገና እስኪመረመር አይግዙ። ዋጋ ቀንሰው «እናንተ አሠሩት» ካሏችሁ እምቢ በሉ፤ ምክንያቱም የሚሠራው ቦታ በእናንተ ቤት ውስጥ የለም። ያለው በጎረቤት ወለል ላይ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ከሽያጩ በኋላ በሩን ላይከፍትላችሁ ይችላል። ምርመራውን ጭራሽ ከከለከሉ ሌላ ቤት ይፈልጉ።

የልጅዎን ክፍል በተመለከተ፣ ፍሳሹ ቢቆምም ክፍሉ በዚያው ቀን ዝግጁ አይሆንም። ለአርማታ በልምድ የሚባለው ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው፤ ውሃ የጠጣ ብሎኬትም ጊዜ ይፈልጋል። የተነፋውን ቀለምና የላላውን ልስን እስከ ጤነኛው ድረስ አስነሡ። ሻጋታ የነካውን ክፍል ልጁ ቤት በሌለበት፣ አርጥባችሁና ማስክ አድርጋችሁ አጽዱ። ግድግዳው ክፍት ሆኖ፣ መስኮቱም ተከፍቶ ይድረቅ። የፕላስቲኩን ምርመራ ድገሙት። በውስጥ ገጹ አንድም ጠብታ ሲጠፋ ስቱኮና ቀለም ይግባ። እስከዚያ ድረስ ልጁ በሌላው ክፍል ይተኛ።